ከዘነበወርቅ እስከ ዲሽ፦ የጸጋ፣ የሕግና የብልጽግና ስብከት ጉዞ

በ1920ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከተማው ገና ባልደረሰበት ሜዳ ላይ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሰፈሩም ስሙን ከዚያው ወረሰ፤ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የታክሲ ረዳቶች «ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» እያሉ የሚጣሩበት ነው። ላምቢ በ1920 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ በተለምዶ ኤስ አይ ኤም የምንለው ማኅበር፣ መሪ ነበሩ። በቴሌቪዥን ሰባኪዎች ዘንድ ስለ ጸጋ፣ ስለ ሕግና ስለ ብልጽግና ዛሬ የሚካሄደውን ክርክር ከዚህ ሆስፒታል የምጀምረው፣ የወንጌላውያን ስብከት በዚህ የከተማዋ ዳር መጀመሪያ ከሰሙት መካከል ጣታቸውን ያጡ፣ ከቤተሰብ የተገፉ፣ ለሰባኪው የሚሰጡት ቤሳ ቤስቲን የሌላቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በዚያ ዘመን ለሥጋ ደዌ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። በየአገሩ ሐኪሞች ይሰጡት የነበረው ቻውልሙግራ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነው፤ መርፌው ያማል፣ ጥቅሙም ትንሽ ነበር። ባክቴሪያው ነርቭን ያደነዝዛል። ሕመምተኛው እሳት ላይ ያለውን ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፣ ቆዳው ሲላጥ አይሰማውም፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በመጨረሻ እጁ ይሰነካከላል። ይህን ያልተረዳ ሰው «እርግማን ነው»፣ «በዘር ይተላለፋል» ይል ነበር፤ ዛሬም የሚል አለ። በሌላ በኩል ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጥቅምት 14 ቀን የሚዘክሩት የጻድቁ ገብረ ክርስቶስ ገድል አለ። የንጉሥ ልጅ በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ገንዘቡን ለድሆች በተነ፣ መልኩ በደዌ እንዲለወጥ ለምኖ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ተቀመጠ። የቤቱ አገልጋዮች ማን እንደሆነ ሳያውቁ እጣቢ ይደፉበት ነበር። ይህን ገድል እየሰማ ያደገ ሰው ደዌንና ድህነትን የእምነት ማነስ ምልክት አድርጎ ለማየት ይቸገራል። ገድሉና የሚሲዮኑ ስብከት በብዙ ነገር አይስማሙም። እግዚአብሔር ለሕመምተኛው ቅርብ እንደሆነና ቅርበቱም በገንዘብ እንደማይገዛ ሲናገሩ ግን ቃላቸው አንድ ነበር።

ጸጋ በተሰበከበት ሁሉ ሕግም መከተሉ አልቀረም። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ስብከቱን ያስፋፉት የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ተገርፈውበታል፣ ታስረውበታልም። ኋላ ቃለ ሕይወት የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ወጣች። አማኝ የሆነ ሰው ጠንቋይ ቤት አይሄድም፣ አረቄ አይጠጣም፣ ትምባሆ አያጨስም፣ በሚስቱ ላይ ሌላ አያገባም። ይህን ያፈረሰ ከጌታ እራት ይታገዳል፤ ንስሐ ሲገባ ይመለሳል። ይህ ሥርዓት ስንቱን አባወራ ከስካር፣ ስንቱን ቤት ከጠንቋይ ግብር እንዳወጣ የደቡብ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም መዳኑን በማያጨሰውና በማይጠጣው የሚለካ ትውልድ አብሮ አደገ። ከተማ ሲገባም ዝርዝሩ ረዘመ፦ የሴቶች ሱሪ፣ የጸጉር አሠራር፣ ሲኒማ ቤት። መድረኩ ጸጋን ይሰብካል፣ የምእመኑ ዓይን ደግሞ የባልንጀራውን ልብስ ይመረምራል።

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። ባለቤቱ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ነበር። ከስብከቱ ሌላ ዜና፣ የጤና ምክር፣ የእርሻና የትምህርት ዝግጅት በሰፊው ያስተላልፍ ነበር። ወንጌል በአየር ሞገድ መሰራጨት ሲጀምር በአገራችን የነበረው መልክ ይህ ነው፤ ሰባኪው አድማጩን የሚቆጥረው የሚነገረው ነገር እንዳለው ሰው እንጂ የሚሰበሰብ ገንዘብ እንዳለው ሰው አልነበረም።

በዚያው አሥር ዓመት የተማሪዎቹ መነቃቃት መጣ። የፊንላንድና የስዊድን የጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን ቀደም ብለው ገብተው ነበር፤ ኬንያዊው ሰባኪ ቻቻ ኦማሄም በመካከሉ መጥቶ ወጣቱን አነቃቅቷል። እሳቱን ያቀጣጠሉት ግን የአዲስ አበባ፣ የናዝሬት፣ የሐረርና የሐዋሳ ተማሪዎች ናቸው። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ፣ እንመዝገብ ብለው አመለከቱ፣ ተከለከሉ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. 250 ያህል ሰዎች ለጸሎት እንደተሰበሰቡ አዲስ አበባ ላይ ታሠሩ። «ጴንጤ» ስድብ የነበረበት ጊዜ ነው። በልሳን ይጸልያሉ፣ በሕሙማን ላይ እጅ ይጭናሉ፣ አጋንንት እናወጣለን ይላሉ። ዛሬ በስክሪን የምናየው ብዙው ነገር ያኔም ነበር። ያልነበረው የገንዘብ ቃል ኪዳን ነው፤ የጸሎቱ ዋጋ ከሥራ መባረርና እስር ቤት መግባት ነበርና።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሳላነሣ አላልፍም። በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ሲሆን እጃቸው ያጥራል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉብን የሚል መልእክት ነበረው። ስለ ሰው ኑሮ መሻሻል የሚያስብ ወንጌል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። የብልጽግና ሰባኪዎች «የቀድሞዎቹ ድህነትን መንፈሳዊ አድርገው ሰበኩብን» ሲሉ የቄስ ጉዲናን ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ያነበቡ አይመስለኝም። ልዩነቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ያ ደብዳቤ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ክሊኒክ ነው፤ ማኅበረሰቡ ሁሉ አብሮ ስለሚነሣበት ነገር ነው።

ደርግ የብሥራተ ወንጌልን ሬዲዮ ጣቢያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወረሰ። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ሙሉ ወንጌል ተዘጋች፤ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ተወረሰ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለሰባት ዓመት ያህል ታሰረ። ምእመኑ በየመኖሪያ ቤቱ ለአራት ለአምስት እየሆነ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ በሹክሹክታ ዘመረ። የዚያ ዘመን ሰው «እምነትህ ቢሞላ ኖሮ አትታሰርም ነበር» ቢባል ምን ይመልስ ነበር? መከራ ያለ ጥፋት በጻድቅ ሰው ላይ እንደሚደርስ በገዛ ገላው ያውቀዋል። በእነዚያው ዓመታት ዘነበወርቅ ላይም ትልቅ ነገር ሆነ። ሆስፒታሉ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጎኑ ተሠራ። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የተለያዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ደዌ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ ክኒን የሚድን በሽታ ነው፤ ክኒኑም በነፃ ይሰጣል።

የብልጽግና ትምህርት በዚህ ጊዜ ሌላ አገር እያደገ ነበር። ከኢ. ደብልዩ. ኬንየን ጽሑፎች ብዙ የቀዳው አሜሪካዊው ኬኔት ሄገን፣ አማኝ በአፉ ያወጀውን በእጁ ይቀበላል ብሎ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በኦክላሆማ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ኦራል ሮበርትስ ለአገልግሎት የሚሰጥ ገንዘብ ተባዝቶ የሚመለስ ዘር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የትሪኒቲ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ለዓለም በተነው። እዚያው አሜሪካ የመጀመሪያው ትልቅ ውድቀትም በቶሎ ታየ፤ የቴሌቪዥን ሰባኪው ጂም ቤከር ተመልካቾቹን በገንዘብ በማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ1989 ተፈረደበት። ከእስር ከወጣ በኋላ መጽሐፍ ጽፎ የሰበከው የብልጽግና ትምህርት ስሕተት እንደነበር ተናገረ። ወደ እኛ አገር ካሴቱና መጽሐፉ ሲገባ ግን ይህ ኑዛዜ አብሮ አልመጣም።

ደርግ ወደቀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነፃነትን በአንቀጽ 27 ደነገገ። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1987ቱ 10.2፣ በ1999ኙ ደግሞ 18.6 በመቶ ሆነ። ይህን ያህል ሕዝብ በአጭር ጊዜ ሲጎርፍ የሚያስተምር ሰው ጠፋ። በየመንደሩ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ቆርቆሮ መትቶ፣ ድንኳን ጥሎ፣ ሞንታርቦ አቁሞ አገልግሎት የጀመረው ሁሉ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ አልነበረም። ሰሚውም ሌላ ሰው ሆነ። ከገጠር የመጣ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ነው። እስር ቤት ውስጥ ስለ መጽናት የሚናገር ስብከት ለዚህ ሰው ጥያቄ በቀጥታ አይመልስለትም። የእንጀራ ጥያቄውን ትተን ስለ ሰማይ ብቻ ስንሰብክለት፣ ስለ ቪዛና ስለ ቤት የሚተነብይለት ነቢይ ደረሰለት። ይህ ባዶ ቦታ በነቢያቱ ብቻ አልተፈጠረም፤ ነባሮቹ አብያተ ክርስቲያናትም ድርሻ አላቸው።

የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለሃይማኖት ድርጅት የስርጭት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ የአማርኛ መንፈሳዊ ጣቢያዎች ከውጭ አገር በሳተላይት መጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ ኮልፌ፣ ዓለም ባንክ፣ ቤቴል፣ አየር ጤና የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ዲሽ ተተከለበት። ኤልሻዳይ፣ ፕሬዘንስ፣ ክራይስት አርሚ፣ ማርሲል የሚሉ ስሞች ቤት ውስጥ ተለመዱ። ነቢይ ሱራፌል ደምሴ በፕሬዘንስ፣ ነቢይ እዩ ጩፋ በክራይስት አርሚ በመላ አገሪቱ ታወቁ። ጣቢያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ጥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የሰማሁባቸው አሉ፣ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት መክተት ግፍ ነው። አንድ የተለመደ ምሽት ግን በብዙዎቹ ላይ እንዲህ ይመስላል። ሰባኪው ካሜራውን ትኩር ብሎ ያያል። ከስክሪኑ ግርጌ የስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያልፋል። «ይህ ወር የአንተ ወር ነው፣ ተቀበል!» ይላል፤ አዳራሹ «እቀበላለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ቤት ያለው ተመልካች እጁን ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲያደርግ ይነገረዋል። ቀጥሎ አንዲት ሴት ወጥታ የነበራትን የመጨረሻ ብር ዘርታ በሳምንቱ ያገኘችውን ትመሰክራለች። ዘርተው ያላጨዱት ግን ማይክሮፎን አይሰጣቸውም።

የክርክሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ስብከት ራሱን የጸጋ ወንጌል ብሎ ይጠራል፤ ከሕግ ነፃ ወጥተናል ይላል። ገንዘቡ ላይ ሲደርስ ግን ሚልክያስ ምዕራፍ 3ን ከፍቶ አሥራት ያላወጣ በእርግማን ውስጥ ነው ብሎ ያስፈራራል። ሕጉ አልተሻረም፤ ከትምባሆና ከአረቄ ተነሥቶ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ። የወላይታው ሽማግሌ ሕግ ቢያንስ ያገደውን ሰው በንስሐ ይመልስ ነበር። የዘር ሕግ ግን መመለሻ የለውም፦ ካልተፈወስክ እምነትህ ጎድሏል፣ ካልበለጸግህ የዘራኸው ጥቂት ነው፣ እንግዲያው ጨምር። ሙሴ ለመሥዋዕት የሚያመጣው ጠቦት ላጣ ድሃ ሁለት ርግብ ፈቅዶለት ነበር። ይህ ትምህርት ያንን ማስተዛዘኛ እንኳ አላስቀረም።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ያለውን የንዕማንን ታሪክ ሰባኪዎቻችን ይወዱታል። ሶርያዊው የጦር አለቃ ከለምጹ በዮርዳኖስ ታጥቦ ነጻ፤ ብር፣ ወርቅና ልብስ ይዞ ወደ ኤልሳዕ ተመለሰ። ነቢዩ ማለለት፣ አንዳች አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ በጌታው ስም ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ የንዕማንም ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ተጣበቀ። በስክሪን ላይ ንዕማን ሰባት ጊዜ ሲጠመቅ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ ግያዝ ላይ ሲደረስ ስብከቱ ያልቃል። ዘነበወርቅ ላይ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ምዕራፉ እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ ከዘነበወርቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ቆሼ የምንለው የረጲ የቆሻሻ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ከቆሻሻው ፕላስቲክና ብረት ለቅመው እየሸጡ የሚኖሩ ነበሩ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ድንኳን ጥሎ አብሮ አለቀሰ፣ አካፋ ይዞ አብሮ ቆፈረ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። የሚጾሙ ነበሩ። አሥራት የሚያወጡም እንደነበሩ አልጠራጠርም። ኑሮህ የእምነትህ መለኪያ ነው የሚል ወንጌል በዚያ ድንኳን ገብቶ የሚናገረው አንድም ቃል የለውም። ጌታ ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ የማንም ኃጢአት አይደለም ያለበትን የዮሐንስ ምዕራፍ 9ን የሚያውቅ ሰባኪ ግን ከሐዘንተኛው ጎን መቀመጥ ይችላል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ማዕበል ተጨመረ። የሲንጋፖሩ ጆሴፍ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መጽሐፍና በቴሌቪዥን ስብከቱ፣ አማኝ ያለፈውም የሚመጣውም ኃጢአቱ ተሰርዮለታልና በደል እየቆጠረ መኖር የለበትም ብሎ ሰበከ። በአማርኛ አዳራሾችም «ሃይፐር ግሬስ» የሚለው ስም ገባ፤ ንስሐ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ወጣቱን ለሁለት ከፈለው። በልብስና በጸጉር ሕግ ስር ላደገች ልጅ ይህ ስብከት እፎይታ ነበር፤ ያን እፎይታ ማጣጣል ልበ ደንዳናነት ነው። የአዛውንቶቹም ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ ጌታ የይቅርታ ብቻ ሳይሆን የአኗኗርም ጌታ ነው፣ ጳውሎስ ሮሜ 6ን የጻፈው ለዚህ ነው ይላሉ። እኔ ከአዛውንቶቹ ጋር ነኝ፤ ሆኖም ከአርባ ዓመት በፊት ጸጋን ከሱሪ ርዝመት ለይተው አስተምረው ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ይህን ትምህርት እንዲህ አይጠማም ነበር።

የነቢያቱ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ አገሩ ሁሉ ያየው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ኦሮሚያ ውስጥ አንድ ራሱን ነቢይ ብሎ የሚጠራ ሰው የሞተ አስነሣለሁ ብሎ መቃብር አስከፍቶ በሬሳው ላይ ተኛ፤ ሬሳው አልተነሣም፣ ቤተሰቡ ተቆጣ፣ ፖሊስ ያዘው። ከዚያ በፊትም እንደ ሕንጸት ያሉ ክርስቲያናዊ መጽሔቶችና የነገረ መለኮት መምህራን ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። በአህጉሩም የወንጌላውያኑ የሎዛን ንቅናቄ አፍሪካውያን የነገረ መለኮት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ጋና ውስጥ አክሮፖንግ ላይ ተሰብስበው የብልጽግናን ወንጌል በግልጽ ነቅፈው ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለብዙ ሰባኪዎቻችን አርአያ የሆነው የቴሌቪዥን ሰባኪ ቤኒ ሂን ራሱ፣ የእግዚአብሔር በረከት በገንዘብ አይተመንም፣ ከእንግዲህ ይህን ያህል ዝሩ አልልም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የእሱን ስብከት ሲያስተላልፉ ከኖሩት ስንቶቹ ይህን ንግግር ለተመልካቻቸው እንዳሳዩ ይጠየቁ።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1208 የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልን በሕግ አቋቋመ። በዓመቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለሃይማኖት ተቋማት የስርጭት ፈቃድ በር ከፈተ። ስለዚህ «ጣቢያው ውጭ አገር ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» የሚለው ሰበብ አይሠራም። መንግሥት ትምህርተ ሃይማኖት ይዳኝ አልልም፤ የ1964ቱን እስር የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ያለውን ሥልጣን ለማንም መንግሥት አይመኝም። ካውንስሉ ግን ከአባሎቹ ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላል፣ ይገባዋልም። አንደኛ፣ በስክሪን ገንዘብ የሚሰበስብ ማንኛውም አገልግሎት ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር አስመርምሮ በዚያው ስክሪን ለሰጪው ሕዝብ ያሳይ። ሁለተኛ፣ ተፈወስክ የተባለ ሰው የኤችአይቪ፣ የስኳር ወይም የቲቢ መድኃኒቱን ሐኪም ሳያማክር እንዳያቋርጥ በየፈውስ ዝግጅቱ በግልጽ ይነገር። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም እኅቴ፣ ቁጥሩ ከስክሪኑ ግርጌ ሲያልፍ ከመላካችሁ በፊት ስልኩን አንሡና ያለፈውን ዓመት ሒሳብ አሳዩን በሉ። መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡን በስም የምታውቁት ለተቸገረ ጎረቤታችሁ ስጡት።